መሄጃው ለምን ከመመለሻው ይረዝማል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመለስናቸው አብዛኞቹ ጥያቄዎች የአዲስ አበባና የዋሽንግተንን በረራ የሚመለከቱ ናቸው። ብዙ ሰው የሚመላለስበት መንገድ ስለሆነ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በአንድ ላይ አጣምረናል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ)፦ ልጄን ልጠይቅ ዋሽንግተን ስሄድ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ነዳጅ ሊቀዳ አረፈ። ስመለስ ግን ከዚያ ተነስቶ የትም ሳያርፍ ቦሌ ገባ። አውሮፕላኑ ያው፣ መንገዱም ያው። ታዲያ ሲሄድ ነዳጁ ለምን አልበቃም?

መልስ፦ ታንኩ አንሶ አይደለም። ታንኩን ሞልቶ፣ ሰውና ሻንጣ ጭኖ ከቦሌ መነሳት ስለሚያቅት ነው።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ደለስ ደግሞ 95 ሜትር ላይ። በቦሌ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ሙቀቱ 23 ዲግሪ በደረሰ ከሰዓት በኋላ፣ ባሕር ወለል ላይ ካለው መደበኛ አየር ከሩብ በላይ ሳስቶ ይገኛል። አውሮፕላንን የሚሸከመው ደግሞ ክንፉን አቅፎ የሚያልፈው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሳት ፍጥነት መጨመር ግድ ይላል፤ በቦሌው ምሳሌያችን ጭማሪው 17 በመቶ ያህል ነው። ባሕር ወለል ላይ በሰዓት 280 ኪ.ሜ. ሲደርስ መሬት የሚለቅ አውሮፕላን ቦሌ ላይ 327 ኪ.ሜ. ገደማ መድረስ አለበት ማለት ነው።

ችግሩ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር መሆኑ ነው። ተጨማሪ ጉልበት በሚያስፈልግበት ቦታ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ መንደርደሩ ይረዝማል። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው፤ ረጅም ነው፣ ግን ማለቂያ የለውም ማለት አይደለም። ጎማም ገደብ አለው፤ የትልልቅ አውሮፕላኖች ጎማ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት እስከ 378 ኪ.ሜ. ድረስ ነው የሚፈቀድለት። ከሁሉም በላይ ክብደቱን የሚወስነው ግን ሌላ ደንብ ነው፦ አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል አንድ ሞተር ቢጠፋ፣ በቀረው አንድ ሞተር ብቻ እየወጣ ዙሪያውን ያለውን ተራራ በበቂ ርቀት ማለፍ መቻል አለበት። በሰሜን እንጦጦ፣ በምሥራቅ በኩል የረር እንዳለ ያስቡ።

አሁን ወደ ነዳጁ እንምጣ። ቦይንግ 787-8 ሲነሳ የሚፈቀድለት ትልቁ ክብደት 228 ቶን ያህል ነው። በሰዓት 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ይበላል። ወደ ምዕራብ ያለ ማረፍ ለ14 ሰዓት ለመብረር 70 ቶን፣ በዚያ ላይ መጠባበቂያው ይጨመራል። ቦሌ ላይ 228 ቶን ይዞ መነሳት ካልተቻለ የሆነ ነገር መውረድ አለበት። መንገደኛና ጭነት ገቢ ነው፣ ነዳጅ ግን መንገድ ላይ ይገዛል። የሚቀነሰው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሲመለስ ሁሉም ይገለበጣል። ደለስ ቆላ ነው፤ አየሩ ወፍራም፣ ሞተሩ ሙሉ ጉልበት አለው። ቦሌ ሲደርስ ደግሞ ከ60 ቶን በላይ ነዳጅ አቃጥሎ ስለሚቀልል ማረፉ አያስቸግርም።

ረጅም በረራዎች ከቦሌ በማታ የሚነሱበት አንዱ ጥቅምም ይኸው ነው። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ አየሩ ትንሽ ይወፍራል፤ ጥቂት ቶን ተጨማሪ መጫን ይቻላል። (ዋናው ምክንያት ግን ከአፍሪካ ከተሞች የሚመጡትን ተሳፋሪዎች ማገናኘት ነው፤ ለቅዝቃዜው ሲባል ብቻ አይደለም።) ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያም ከቦሌ በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ያለ ነው። ተራ ልዩነት ይመስላል እንጂ በየ300 ሜትሩ አየሩ በ3 በመቶ ገደማ ስለሚወፍር ለጭነት ሂሳብ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ (ከዚሁ ጠያቂ)፦ አንዳንዶች ደግሞ «ነፋሱ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እሱም አለበት። በ10 እና በ12 ሺህ ሜትር ከፍታ መካከል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የአየር ጅረት አለ፤ ጄት ስትሪም ይሉታል። ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ከፊት ይገፋል፣ ሲመለሱ ከኋላ።

በቁጥር እንየው። የአትላንቲክን ውቅያኖስ 5,000 ኪ.ሜ. እንበል፣ አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪ.ሜ. ይበራል፣ ነፋሱ ደግሞ 100 ኪ.ሜ. ነው። ሲሄድ ወደፊት የሚራመደው በ800 ነው፤ 6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሲመለስ በ1,000 ነው፤ 5 ሰዓት። በውቅያኖሱ ላይ ብቻ 1 ሰዓት ከሩብ ልዩነት መጣ። በዲሴምበርና በፌብሩዋሪ መካከል ነፋሱ ከዚህ እጥፍ የሚሆንበት ቀን አለ። በፌብሩዋሪ 2020 (እ.ኤ.አ.) በማዕበል ጊዜ አንድ አውሮፕላን ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል፤ እንደ ወትሮው ቢሆን ከ6 ሰዓት በላይ የሚወስድ መንገድ ነው።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? አንዱ ድረ ገጽ 11,560 ይላል፣ ሌላው 7,180፣ ሌላው 6,240፤ ካርታ ላይ በማስመሪያ ስለካው ደግሞ ከ12,000 በላይ ሆነብኝ።

መልስ፦ ሦስቱ ድረ ገጾች አንድ ነገር ነው የሚናገሩት። 11,560 በኪሎ ሜትር፣ 7,180 በተለመደው የአሜሪካ ማይል (1.609 ኪ.ሜ.)፣ 6,240 ደግሞ አብራሪዎችና መርከበኞች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል (1.852 ኪ.ሜ.) ነው። የተሳሳተው ማስመሪያዎ ነው።

ወይም በትክክል፣ ካርታው። ድቡልቡል ምድርን ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ሲዘረጓት ትለጠጣለች። በተለመደው የግድግዳ ካርታ ላይ ከቦሌ ደለስ ቀጥ ያለ መስመር ቢያሰምሩ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታኒያ አድርጎ ይሻገራል። ያ መንገድ 12,100 ኪ.ሜ. ያህል ነው። አጭሩን መንገድ ማየት ከፈለጉ የትምህርት ቤት ሉል ይዋሱና አዲስ አበባና ዋሽንግተን ላይ ክር ወጥሩበት። ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይታጠፋል፦ ሱዳን፣ ሊቢያ፣ አልጄሪያ፣ ስፔንና ፖርቱጋል፤ አትላንቲክ መሃል ላይ 45ኛው ዲግሪ ሰሜን ገደማ ይደርስና ወደ አሜሪካ ዝቅ ይላል። በ540 ኪ.ሜ. ያጥራል።

የሚገርመው፣ ነዳጅ ለመቅዳት ማረፉ ርቀቱን ያን ያህል አያረዝመውም። በሮም በኩል ከሄዱ 4,480 እና 7,230፣ በድምሩ 11,710 ኪ.ሜ. ነው፤ ከቀጥታው በ150 ብቻ ይበልጣል። በደብሊን በኩል 11,830 ይሆናል። ሁለቱም ከተሞች ከክሩ ብዙ ስለማይርቁ ነው። የቶጎዋ ሎሜ ግን ወደ ደቡብ ትወጣለች፤ በእሷ በኩል 12,750 ይደርሳል። ሦስቱም ከተሞች በተለያየ ጊዜ ለአሜሪካ በረራዎች ማረፊያ ሆነው አገልግለዋል። ነዳጅ ለመቅዳት ሲታረፍ ጊዜ የሚበላው ርቀቱ ሳይሆን መውረዱ፣ መሬት ላይ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ መቆየቱና እንደገና መውጣቱ ነው።

ሌላው፣ እውነተኛው አውሮፕላን በክሩ ላይ አይሄድም። ነፋስ ያለበትንና የሌለበትን ሰማይ እየመረጠ፣ የተዘጋ የአየር ክልል እየዞረ ነው የሚበረው። የሱዳን ጦርነት በኤፕሪል 2023 (እ.ኤ.አ.) ከፈነዳ ወዲህ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ሰማይዋን ስለሚሸሹ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄድ በረራ መዞሩ አልቀረም።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ትኬቴ ላይ 14 ጃንዩወሪ፣ 00፡30 ይላል። በእኛ ጥር 6 ነው። ጥር 6 ማታ ቦሌ ብደርስ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ጥር 6 ማታ ቢሄዱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ቦሌ መገኘት ያለብዎት ጥር 5 ማታ፣ ምሽት 3 ሰዓት ገደማ ነው።

ይህ ስህተት በየጊዜው ትኬት ያቃጥላል፤ የሚመጣውም ከሰዓቱ ሳይሆን ከቀኑ ነው። ለእኛ ሌሊቱ የማታው ተቀጥያ ነው፤ አዲስ ቀን የሚባለው ሲነጋ ነው። በትኬት አቆጣጠር ግን ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። 00፡30 ማለት ቀኑ ከተለወጠ ገና 30 ደቂቃው ነው፣ በእኛ ከሌሊቱ 6፡30። ጥር 5 ማታ አምሽተው ወደ ጥር 6 ሲያነጉ ማለት ነው። ትኬትዎ ላይ ከ00፡00 እስከ 05፡59 የሆነ ሰዓት ካዩ፣ ከቤት የሚወጡት በዋዜማው እንደሆነ ወዲያው በቀይ ይጻፉበት።

ሰዓቱን ለመቀየር ከትኬቱ ላይ 6 ይቀንሱ፤ የማይቀነስ ከሆነ 6 ይጨምሩ። 07፡00 ጠዋት 1 ሰዓት ነው። 15፡20 ከቀኑ 9፡20። 22፡15፣ 6 ሲቀነስ 16፡15 ይመጣል፤ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሰው ምሽት 4፡15 ይበሉት። 03፡00 ላይ 6 ሲጨምሩ ከሌሊቱ 9 ሰዓት።

ከዚሁ ጋር ብዙዎች የሚጠይቁንን እንጨምር፦ ትኬት ላይ ያለው የመነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው ደግሞ የመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው። ዝም ብሎ ቢቀናነስ ውሸት ይወጣል። ዋሽንግተን ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነች፤ ከማርች ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ግን በ7። ለምሳሌ ዲሴምበር ላይ ከቦሌ 22፡15 ተነስቶ በማግስቱ 07፡30 ደለስ የሚገባ በረራ፣ በሰዓቱ መሃል ያለው 9፡15 ነው፤ 8 ሲጨመር 17 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። ከደለስ 11፡00 ተነስቶ በማግስቱ 08፡00 ቦሌ የሚደርሰው ደግሞ 21 ሰዓት ይመስላል፤ 8 ሲቀነስ 13 ነው። ወደ ምዕራብ ይደመራል፣ ወደ ምሥራቅ ይቀነሳል።

ዘመድ ለመደወል ለሚፈልግ ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ። በእኛ አቆጣጠር ሰዓትዎ ላይ የሚያዩትን ቁጥር ይያዙና፣ በአሜሪካኖቹ በጋ 1፣ በክረምታቸው 2 ይቀንሱ፤ የዋሽንግተን ሰዓት ላይ የሚታየው ያ ቁጥር ነው። ጁላይ ላይ ለእኛ ምሽት 2 ሰዓት ከሆነ እዚያ ቀን 1 ሰዓት ነው፣ ምሳ ላይ ናቸው። ጃንዩወሪ ላይ ያው ምሽት 2 ሰዓት እዚያ ልክ 12 ሰዓት፣ እኩለ ቀን ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከደወሉ ግን በእኩለ ሌሊት ነው የሚቀሰቅሷቸው።

ጥያቄ (ከረሆቮት፣ እስራኤል)፦ በክረምት ከአዲስ አበባ ቴል አቪቭ 3 ሰዓት፣ ስመለስ 5 ሰዓት የሚል ይመስለኛል። ይህም ነፋስ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የሰዓት ልዩነት ነው። መንገዱ 2,590 ኪ.ሜ. ያህል ሲሆን በሁለቱም በኩል 4 ሰዓት ገደማ ነው። በእነሱ ክረምት እስራኤል ከእኛ በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ሲሄዱ ያጥራል፣ ሲመለሱ ይረዝማል። በበጋቸው ሰዓቱ እኩል ስለሚሆን ትኬቱ ላይ ትክክለኛውን 4 ሰዓት ያዩታል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ወደ ሚኒያፖሊስ ነው የምሄደው። ደለስ ላይ በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ውስጥ አውሮፕላን እቀይራለሁ። ይበቃኛል?

መልስ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ሰው አይበቃም። ቢያንስ 3 ሰዓት ያለውን ይምረጡ።

ምክንያቱ፣ አሜሪካ ውስጥ ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ የሚታለፈው መጀመሪያ በሚገቡበት ከተማ ነው፤ ሻንጣዎ እስከ ሚኒያፖሊስ ቢጻፍበት እንኳ። ደለስ ሲወርዱ መጀመሪያ የፓስፖርት ሰልፍ አለ፤ ሦስት አራት ትልልቅ አውሮፕላኖች ባንድ ጊዜ ከገቡ ሰልፉ ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ቀጥሎ ሻንጣዎን ከሚዞረው መስመር ላይ ራስዎ ያነሳሉ፣ በጉምሩክ ያልፋሉ፣ ወዲያው እንደወጡ ለቀጣዩ በረራ መልሰው ያስረክባሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ «እስከ መጨረሻው ተልኳል» ብሎ ሻንጣውን ጥሎ ይሄዳል። ከዚያ ፍተሻውን እንደገና አልፈው ወደ በሩ ይሄዳሉ። (ደለስ የዋሽንግተኑ፣ ዳላስ የቴክሳሱ ነው። ትኬት ሲያስቆርጡ በስልክ ስሙን ብቻ ሰምተው እንዳይስማሙ፤ የተጻፈውን ይዩ።)

ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት መሆናቸውንም ያረጋግጡ። በአንድ ትኬት ከሆነ የመጀመሪያው ዘግይቶ ቢያመልጥዎ በሚቀጥለው የሚያሳፍሩዎት አየር መንገዶቹ ናቸው። ርካሽ ነው ተብሎ ለየብቻ ከተገዛ ግን ሁለተኛውን አየር መንገድ የመጀመሪያው መዘግየት አይመለከተውም፤ አዲስ ትኬት በኪስዎ ነው።

ሰዓት የሚበላ ሌላ ነገር ስንቅ ነው። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከያዙ ተጨማሪ ፍተሻ አለው፤ ምንነቱ ካልተለየ አይገባም። ሽሮና በርበሬ ስለዚህ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግቡ፣ በሁለት ላስቲክ ተጠቅልለው። ቋንጣና ማንኛውም ሥጋ ግን በየትኛውም ሻንጣ ቢሆን አይፈቀድም። ምግብ ይዘው እንደሆነ ሲጠየቁ «አዎ» ይበሉ፤ የተናገረ ሰው ቢበዛ ዕቃውን ይተዋል፣ የደበቀ ይቀጣል።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ እማዬን ላስመጣት ነው። 71 ዓመቷ ነው፣ ስኳርና ደም ግፊት አለባት፣ እንግሊዝኛ አትችልም። ከቤቷ ወጥታ እኔ ጋ እስክትደርስ በእውነት ስንት ሰዓት ነው? ምን ላዘጋጅላት?

መልስ፦ ትኬቱ 17 ሰዓት ቢል እርስዎ 23 ይያዙ። ቦሌ 3 ሰዓት ቀድማ ትደርሳለች፣ ደለስ ላይ ሰልፉና ሻንጣው 2 ሰዓት ሊወስዱ ይችላሉ፤ ከቤት ቦሌ እና ከደለስ እርስዎ ቤት ያለው መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ይጨምራል። ደለስ ከዋሽንግተን መሃል 40 ኪ.ሜ. ያህል ይርቃል።

ዊልቸር ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድመው በአየር መንገዱ በኩል ያስይዙ። በእግራቸው ለሚሄዱ እናቶችም ይጠቅማል፤ ገፊው በኢሚግሬሽን አሳልፎ፣ ሻንጣ አንስቶ እርስዎ ከሚጠብቁበት በር ድረስ ያደርሳቸዋል። የቋንቋው ጭንቀትም ግማሹ በዚህ ይቀላል። ነዳጅ ሲቀዳ ተሳፋሪው አብዛኛውን ጊዜ ከወንበሩ አይነሳም፤ ይህን አስቀድመው ይንገሯት፣ አለበለዚያ አውሮፕላኑ ሲያርፍ «ደረስን» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ልትነሳ ትችላለች።

መድኃኒቷ ሙሉ በሙሉ በእጅ ቦርሳዋ ይሁን፣ ከሐኪም ወረቀት ጋር። ኢንሱሊን ከሆነ በጭራሽ በሚጫነው ሻንጣ አይግባ፤ ከታች በጣም ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። የምትወስድበት ሰዓት በ7 ወይም በ8 ሰዓት ስለሚዛባ በመንገድ ላይ ስንት ጊዜና መቼ እንደምትወስድ ሐኪሟ አስቀድሞ በአማርኛ ይጻፍላት፤ የምትከተለው የግድግዳ ሰዓት ሳይሆን ከመጨረሻው የወሰደችበት ጊዜ ያለፈው ሰዓት መሆኑን ይግለጽላት። ጾም ላይ ከሆነ የጾም ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ያስመዝግቡ፤ ለስኳሯ ግን በቦርሳዋ የምትቀምሰው ነገር አይጥፋ።

ወንበሯ መተላለፊያው ዳር ይሁን። በየሁለት ሰዓቱ ትነሳና ትንሽ ትራመድ፣ ተቀምጣም ቁርጭምጭሚቷን ታዟዙር፣ ውሃ ትጠጣ። እግር ማበጡ አይቀርም፤ ጫማዋ ማሰሪያ ያለው ወይም ሰፋ ያለ ይሁን፣ አዲስ ጫማ ለዚህ መንገድ አይገዛም።

በመጨረሻ አንዲት ወረቀት፦ የእርስዎ ሙሉ ስም፣ አድራሻና ስልክ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ከፓስፖርቷ ጋር ይቀመጥ። የኢሚግሬሽኑ ሠራተኛ የት እንደምታርፍ ይጠይቃታል፤ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ቢሆን እንኳ ወረቀቷን ትዘረጋለታለች።